ጥፍር የምታህል ዓላማ

ባቲ የምትሞላው ሰኞ ሰኞ ነው። ከታች ከአፋር ግመሉና ጨው ይወጣል፣ ከላይ ከደጋው እህሉ ይወርዳል፣ ከዙሪያው የኦሮሞ መንደሮች ከብቱና ቅቤው ይመጣል። ረፋዱ ላይ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ የሚወስደው መንገድ መንገድነቱ ቀርቶ የገበያው አንድ ተራ ይመስላል። እንግዳ ሰው በአብዛኛው የሚሄደው ግመል ተራውን ሊያይ ነው፤ ካልሆነም በከተማዋ ስም ስለሚጠራው የዘፈን ቅኝት ሊጠይቅ። እኔን የሚጎትተኝ ሌላ ነው፤ የቆየ ብር ጨርቅ ላይ ዘርግተው የሚቀመጡት ሰዎች።

ድሪ፣ አምባር፣ አልቦ፣ ክታብ የሚከተትበት የብር ቱቦ፣ ጊሌ ከሚባለው የአፋር ጩቤ ላይ የወለቀ ጌጥ፣ መሀል ለመሀል ጠገራ ብር። አንድ ሽማግሌ የሸማቸውን ጥግ ቋጠሮ ፈቱና "ይቺ ደግሞ ያንበሳዋ ናት" አሉኝ። የምኒልክ ብር ናት። እጄን ስዘረጋ መልሰው ወሰዷትና አመድ ነስንሰው በአውራ ጣታቸው ያሿት ጀመር።

"ሼሁ፣ ይተዉልኝ፤ እንዲሁ ልያት።"

"አብሽር ልጄ፤ ብር ነው፣ ቢያሹት አያልቅም።"

ግማሹን ካሿት በኋላ ሰጡኝ። የሰዓት ሠሪ መነጽር ይዤ ስለነበር ዓይኔ ላይ ገጥሜ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ሼሁ ሳቁ፤ ገዢ አለመሆኔ ገብቷቸዋል።

በመነጽር ሲያዩት ቀድሞ የሚመጣው ፊደሉ ነው። "ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ" የሚለው ቃል በአንበሳው ዙሪያ ይዞራል፤ "አንድ ብር" የሚለውም አለ። ይህን የቀረጸው እጅ የፈረንጅ እጅ ነው። የመጀመሪያዋ የምኒልክ ብር 1887 ዓ.ም. የሚለውን ዓመት በግእዝ ቁጥር ተሸክማ የተመታችው ፓሪስ ነው። ማተሚያውን ብረት የሚቀርጽ ሰው ሁሉን ነገር ገልብጦ ነው የሚሠራው። ብሩ ላይ ብቅ የሚለው ሁሉ ብረቱ ላይ ጉድጓድ ነው፣ ቀኙም ግራ ነው። የግእዝ ፊደል ደግሞ ለእንዲህ ያለ ሥራ አይመችም። "ዓ" ክብ ሆኖ ከሥሩ እግር ያወርዳል፣ "ሁ" ከወገቡ ቅጥያ ያወጣል፣ "ዳ" አንዱን እግር አስረዝሞ ሌላውን ያሳጥራል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍታ፣ ተገልብጦ፣ በብረት ላይ። ሆኖም ወፍራሙ ወፍራም፣ ቀጭኑ ቀጭን ሆኖ ቆሟል። ዛሬ በየሱቁ ደጃፍ የተለጠፈውን የኮምፒውተር ጽሑፍ ሳይ ያ የማያውቀውን ፊደል የቀረጸ ሰው ከብዙዎቻችን ይልቅ ፊደላችንን አክብሯል እላለሁ።

ከዚያ አንበሳው። ብሯ ከዳር እስከ ዳር 40 ሚሊ ሜትር ያህል ናት። በዚያ ውስጥ ፊደሉ ዙሪያውን ስለያዘ ለአውሬው የተረፈው ቦታ ጠባብ ነው፤ ግን አልተጨነቀም። ዘውድ ደፍቶ ይራመዳል። ሦስቱ እግሮች መሬት ይዘዋል፣ ከፊት አንዱ ተነሥቶ ዘንግ ጨብጧል። ዘንጉ ጫፍ ላይ መስቀል አለ፣ ከመስቀሉ ሥር ጥብጣብ ይወርዳል። በእኔ እጅ ባለችው የተነሣው የግራው ነው፤ ቀኙን የሚያነሣባቸውም አሉ፣ ሳንቲም ሰብሳቢዎችም ብሮቹን ከሚለዩባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

አንበሳ መሳል ቀላል ነው፤ በየጋሪውና በየታክሲው ላይ አለ። የሚራመድ አንበሳ ግን ሌላ ነው። አንዱ እግር ሲነሣ ክብደቱ ወደ ሌሎቹ መሄድ አለበት፤ ካልሄደ አውሬው ከግድግዳ ላይ እንደ ተለጠፈ ወረቀት ይሆናል። እዚህ ላይ ክብደቱ ሄዷል። ጎፈሩም እንደ ጥጥ የተድበለበለ አይደለም፤ አንዱ ጉንጉን ከሌላው ሥር እየወጣ፣ እንደ ሣር ክዳን ተደራርቦ ወደ ደረቱ ይወርዳል። በጉንጉኖቹ መካከል የመቶ ዓመት ጥቁረት ገብቶ ደርቋል። ይህ ጥቁረት ቆሻሻ ይባላል እንጂ ለዓይን ጥላ ነው፤ ሥራው የሚነበበው በእሱ ነው። ሼሁ ያሿት ግማሽ ላይ ብሩ ያበራል፣ ጉንጉኑ ግን ጠፍቷል። ከሁሉ ብቅ ብሎ የሚቆመው ትከሻው ስለሆነ ከብዙ እጅ ጋር ተሻሽቶ ቀድሞ የሚበላውም እሱ ነው።

እኔ ብዙ የቆየሁት ግን ጥብጣቡ ላይ ነው። ከትንሹ ጣቴ ጥፍር አይበልጥም። በብረት ጨርቅ መሥራት ከአንበሳ ይልቅ ይከብዳል፤ ጨርቅ አጥንት የለውም፣ ቅርጹን የሚያገኘው ከነፋስ ብቻ ነው። ቀራጩ አንዱን ጠርዝ ከፍ አድርጎ፣ ሌላውን ወደ ብሩ ገጽ አስጥሞ፣ መሀሉን ባዶ ትቶታል። ዓይን ባዶውን ራሱ ይሞላዋል።

ጥብጣብ አልኩት እንጂ የጥንቱ ስሙ ዓላማ ነው። ዛሬ ዓላማ ስንል ግብ ማለታችን ነው፤ ቀድሞ ግን ምልክት የሆነው ጨርቅ ነበር። ሰንደቁ ዘንጉ፣ ዓላማው ጨርቁ። በኦሪት ዘኁልቍ ምዕራፍ 2 የእስራኤል ነገዶች በየዓላማቸው ሥር በመገናኛው ድንኳን ዙሪያ እንዲሰፍሩ ይታዘዛሉ። በምሥራቅ ይሁዳ፣ ከእሱ ጋር ይሳኮርና ዛብሎን፤ በደቡብ የሮቤል ሰፈር፣ በምዕራብ የኤፍሬም፣ በሰሜን የዳን። በጨርቆቹ ላይ ምን እንደ ተሳለ መጽሐፉ አይናገርም። ያንን የሞሉት ኋላ የተነሡ የአይሁድ መምህራን ናቸው፤ ያዕቆብ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 49 ለልጆቹ ከተናገረው፣ ከሌላም ከሌላም እየለቀሙ።

የዘኁልቍ ሚድራሽ የተባለው ትርጓሜያቸው ዝርዝሩን እንደ ሸማኔ ነው የሚያስቀምጠው፤ መጀመሪያ ቀለሙን፣ ቀጥሎ ሥዕሉን። ቀለሞቹ በሊቀ ካህናቱ በአሮን ደረት ላይ ከነበሩት 12 ድንጋዮች የተወሰዱ ናቸው ይላል። ሮቤል ቀይ፣ ላዩ ላይ በልጅነቱ ከእርሻ ለቅሞ ለእናቱ ያመጣው እንኮይ። ስምዖን አረንጓዴ፣ የሴኬም ከተማ። ዛብሎን ነጭ፣ መርከብ። ዳን ሰንፔር መሳይ፣ እባብ። አሴር የወይራ ዛፍ፣ ብንያም የሁሉንም ቀለም የቀላቀለ ጨርቅ ላይ ተኩላ። ይሳኮርን ያዕቆብ አህያ ብሎት ነበር፤ ሚድራሹ ግን አህያውን ትቶ ፀሐይና ጨረቃ ሳለለት፤ የይሳኮር ልጆች ዘመንን የሚያውቁ ናቸው የሚል ቃል በዜና መዋዕል ስላለ። ከሁሉ የሚገርመኝ የንፍታሌም ነው፤ ላዩ ላይ የተሳለችውን ዋላ ሳይሆን የጨርቁን ቀለም ማለቴ ነው። ወይን ጠጅ፣ ግን የጠራ፣ ቅላቱ ያልበረታ። ይህን የጻፈ ሰው ማቅለሚያ ጋን አጠገብ ቆሞ ያውቃል።

ይሁዳ ደግሞ ሰማይ መሳይ ሰማያዊ ነው፣ ላዩ ላይ አንበሳ።

እንግዲህ ያቺን ብር እንደገና ተመልከቱ። በአይሁዱ ትርጓሜ አንበሳው ጨርቅ ላይ የተሳለ ነው፤ ሰው ይሸከመዋል። ባቲ ላይ ባየኋት ብር ግን ጨርቁን የሚሸከመው አንበሳው ራሱ ነው። ሥዕሉ ከጨርቁ ወርዶ ዘንጉን ጨብጦ ሄደ። በነገሥታቱ ማኅተም ላይ አንበሳ ከዐፄ ቴዎድሮስ ጀምሮ አለ፤ ዘንግ ይዞ የሚራመደው ይህኛው ግን ከይሁዳ ሰንደቅ ብቻ የመጣ አይመስለኝም። "የይሁዳ ነገድ አንበሳ" የሚለው ስም በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 5 አለ። እዚያ ዮሐንስ አንበሳ ድል ነሣ ሲባል ሰምቶ ቢያይ፣ ያየው በግ ነበር። በምዕራባውያን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያ በግ አንድ እግሩን አንሥቶ መስቀልና ጨርቅ ያለበት ዘንግ ይይዛል። የምኒልክ ብር ላይ ያለው አንበሳ አቋቋሙ፣ እግር አነሣሡ፣ የዘንጉ ማዘንበል፣ ሁሉም የዚያ በግ ነው። ፓሪስ የተቀመጠው ቀራጭ በጉን ያውቀው ነበር፤ የኛዎቹ ደግሞ አንበሳውን። በእኔ ግምት ሁለቱ የተገናኙት ብረቱ ላይ ነው።

በዘመናችን የነገዶቹን ምልክት በትልቁ የሠራው ማርክ ሻጋል ነው። እ.ኤ.አ. 1962 ኢየሩሳሌም በሚገኘው ሀዳሳ ሆስፒታል ምኩራብ ውስጥ የተተከሉት 12 የመስታወት መስኮቶች የእሱ ናቸው። ሻጋል ለይሁዳ ሰማያዊውን ትቶ ደም የመሰለ ቀይ ሰጠው፤ ያዕቆብ ይሁዳ ልብሱን በወይን ያጥባል ስላለ ይመስላል። መስኮቶቹ እያንዳንዳቸው ከሦስት ሜትር በላይ ይቆማሉ፤ ብርሃን ሲገባባቸው ወለሉን በቀለም ይሞሉታል ይባላል። በፎቶ ነው የማውቃቸው፤ ስለዚህ ብዙ አልናገርም። አንድ ነገር ግን እላለሁ። ሻጋልን ፀሐይ ታግዘዋለች፤ የብሯን አንበሳ የቀረጸውን ሰው ያገዘው የእጅ እድፍ ብቻ ነው።

ስለ ነገዶች ሲወራ እኛ ይሁዳን ብቻ ይዘን እንቀራለን፤ ዳንም እኮ ሀገራችን ውስጥ ነበር። የቤተ እስራኤል ወገኖቻችንን የአይሁድ ሊቃውንት የቆጠሯቸው ከዳን ነገድ ነው፤ እ.ኤ.አ. 1973 የእስራኤል የሰፋርዲም ዋና ረቢ የነበሩት ዖቫዲያ ዮሴፍ ይህንኑ አጽንተው ወሰኑ። ለእጅ ሥራ ወዳጅ የሚጥመው ግን ኦሪት ዘጸአት ውስጥ ያለው ነው። ድንኳኑን እንዲሠሩ በስማቸው የተጠሩት ባለሙያዎች ሁለት ናቸው። አንዱ ባስልኤል ከይሁዳ ነገድ፤ ወርቅ፣ ብር፣ ናስ፣ የድንጋይ ቅርጽ። ሁለተኛው ኤልያብ ከዳን ነገድ፤ ቀራጭና ጥልፍ ጠላፊ። በአሮን ደረት ድንጋዮች ላይ የነገዶቹ ስም እንደ ማኅተም ተቀርጾ ነበር፤ የሳንቲም ቀራጭ ሙያም ያው የማኅተም ሙያ ነው። አንበሳውና እባቡ በአንድ አውደ ሥራ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር ማለት ነው።

እኛ ዘንድ አልተቀመጡም። በጎንደር በኩል ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የሚሠራው፣ ብዙ ጊዜም የሚሸምነው ቤተ እስራኤል ነበር፤ ደመወዙ "ቡዳ" መባል። የይሁዳ አንበሳ ዙፋኑ ላይ፣ የዳን ልጅ ወናፉ አጠገብ። ጎንደር አጠገብ ወለቃ ላይ ሴቶቹ ለጎብኚ የሚሸጡት ከሸክላ የተሠራ ትንሽ አንበሳ እንደ ነበረ የሚያስታውስ ያስታውሳል። የዳን ሰዎች የይሁዳን ምልክት በጭቃ ሠርተው በሳንቲም ሸጡ። ከእነዚያ አንበሶች መካከል አፉ ጎኑ ላይ የወጣ፣ ጎፈሩ በእንጨት ጫፍ ተወጋግቶ የተሠራ አንድ አይቻለሁ፤ አዲስ አበባ አደባባይ ላይ ከቆሙት ከአንዳንዶቹ የበለጠ ሕይወት ነበረው።

ወደ ባቲ ልመለስ። ሼሁ መነጽሬን ተቀብለው የራሳቸውን ጠገራ ያዩ ጀመር፤ አንበሳዋን አይደለም፣ ማሪያ ቴሬዛን። ታሪኩም እንዲሁ ነው የሆነው። ምኒልክ የራሳቸውን ብር ያስመቱት የኦስትሪያዋን ንግሥት ከገበያ ለማስወጣት ነበር። ክብደቷን ከጠገራው እኩል፣ 28 ግራም ከጥቂት፣ አደረጉ፤ የብሩ ጥራት እንዲያውም በጥቂቱ ይበልጣል፣ ከሺህ 835 እጅ ለ833። ባላገሩ ግን እሺ አላለም። ንግሥቲቱ የሞተችው እ.ኤ.አ. 1780 ሆኖ ሳለ ያንኑ ዓመት እንደ ያዘች በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይ ስትመታ ኖረች። ኢትዮጵያ ውስጥም አዲሱ ገንዘብ በ1937 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስ አልወጣችም።

ለምን? የገንዘብ ሊቃውንት ብዙ ምክንያት ይሰጣሉ። እኔ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ሳይ የሥራውም ነገር አለበት እላለሁ። የምኒልክ ብር ንጉሡን ወደ ቀኝ ሲመለከቱ፣ ከፍ ያለ ዘውድ ደፍተው ያሳያል፤ ጥሩ ሥራ ነው፣ ግን የቤተ መንግሥት ሥራ ነው፤ ሩቅ ቆሞ የሚታይ። ማሪያ ቴሬዛ ግን ለጣት የተሠራች ናት። የባል ሐዘን መሸፈኛዋ በራሷ ላይ በእጥፍ በእጥፍ ይወርዳል፣ ግንባሯ ላይ የዕንቁ ነጠብጣቦች ተደርድረዋል፣ ትከሻዋ ላይ ባለ ዕንቁ መርፌ ቁልፍ አለ፣ ከሥሯ ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ። ማንበብ የማይችል ነጋዴ ዓይኑን ጨፍኖ ነጠብጣቦቹን በጥፍሩ ይቆጥራል፤ ጠፍቶ ከሆነ ብሩ ተበልቷል ማለት ነው፣ አይቀበልም። ጠርዟም ላይ "በፍትሕና በምሕረት" የሚል የላቲን ቃል ብቅ ብሎ ስለሚዞር ማንም ሸርፎ መውሰድ አይችልም። ይህ ሁሉ ውበት ብቻ አይደለም፤ ቁልፍ ነው። የአንበሳው ጎፈር ከዚህ ሁሉ ያምራል፤ ግን አይቆጠርም።

ስለዚህ ንግሥቲቱ የሴቶች አንገት ላይ ቀረች። የወሎ አንጥረኛ ጠገራውን ሲያንጠለጥል ብዙ ጊዜ አይበሳውም፤ መብሳት ብሩን ማጉደል ነው። ከጠርዙ ላይ ትንሽ የብር ቀለበት ይበይድበታል፣ በንግሥቲቱ ራስ አናት ትይዩ፣ ቀጥ ብላ እንድትሰቀል። ጥሩ አንጥረኛ ብየዳው የት እንደ ጀመረ አያሳይም፤ መጥፎው ደግሞ ከቀለበቱ ሥር ሽንብራ የሚያህል እብጠት ይተዋል። በሼሁ ጨርቅ ላይ ሁለቱም ነበሩ። አንደኛው ድሪ ላይ አምስት ጠገራ በመጠን ተሰድሯል፣ በየመሀሉ የብር ጠብታ፤ ከአምስቱ አንዲቷ እንኳ አላዘነበለችም። የሠራውን ሰው ጠየቅሁ፤ ሟች ነው አሉኝ። የምኒልክ ብሮች ግን ብዙዎቹ እንዲህ አልተሰቀሉም። ቀልጠው ራሳቸው አምባርና አልቦ ሆነዋል። ሙስሊሟ የክርስቲያን ንግሥት አንገቷ ላይ አድርጋ ስትኖር አልከፋትም፤ የአንበሳው መስቀልም ቢሆን ያስቀረው አይመስለኝም። ያስቀረው አለመቆጠሩ ነው።

አንበሳው ግን ቀጠለ። ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን አዲስ አበባ ባቡር ጣቢያው ፊት ቆመ፤ ፋሺስት ሮም ወሰደው፣ ተመለሰ። ሌላው፣ የድንጋዩ፣ ደግሞ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ነው፤ ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ የሠራው። ሁለቱንም አከብራለሁ፤ የመጀመሪያው ግን ከእግረኛው በላይ ነው፣ ሁለተኛው ሥዕል ከመሆን ወደ ሕንፃ ያደላል። ሁለቱንም በእጅ ይዞ ማገላበጥ አይቻልም። 1936 ዓ.ም. የሚል ቁጥር ባላቸው ሳንቲሞች ላይ አንበሳው ገና ዘውዱን እንደ ደፋ፣ ዘንጉን እንደ ያዘ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ በ1969 ዓ.ም. ቁጥር በወጡት ላይ ራሱ ብቻ ቀረ፤ ዘውድ የለም፣ ዘንግ የለም፣ አፉን ከፍቷል። ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ባለችው ባለ ሁለት ቀለም አንድ ብር ላይም ያው ራስ ነው፤ በሌላው ፊት ሚዛን። ጎፈሩ በጥቂት ወፍራም መስመር ተሠርቷል። ቀጭኑን ለሚወድ ሰው ከባድ ነው፤ እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ።

ዋጋ ጠየቅሁ። ሼሁ ሚዛን አወጡና አንበሳዋን በአንድ በኩል፣ ንግሥቲቱን በሌላው አስቀመጡ። ሲቆም እኩል ናቸው። "ያው ናት" አሉኝ፤ በግራም ነው የሚሸጡት፣ ሥራውን አይቆጥሩትም። ከፈልኩና አንበሳዋን በወረቀት ጠቀለልኩ፤ ከመጠቅለሌ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ሊያሿት እጃቸውን ሲዘረጉ ግን አልሰጠሁም።

ብር ቢያሹት አያልቅም ያሉት ልክ አይደለም። ያልቃል፤ ከትከሻው ይጀምራል፣ ቀጥሎ ጎፈሩ፣ ቀጥሎ ያቺ ጥፍር የምታህል ዓላማ። ቤታችሁ የአያት ሣጥን ውስጥ የምኒልክ ብር ካለች በአመድም፣ በሎሚም፣ በጥርስ ሳሙናም አታሿት። እንደ ጠቆረች ተዉአት፣ መስኮት አጠገብም ይዛችኋት ሂዱ።